ለመንገድ የሚሆን ውሻ

እትዬ ሠርኬ ውሻ እንድመርጥላቸው የጠየቁኝ ዐቢይ ጾም ሊፈታ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነው። የምሠራበት የእንስሳት መድኃኒት ቤት ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ነው፤ በርበሬ በረንዳ ካለው ሱቃቸው በእግር ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድም ቀን መጥተው አያውቁም። የዶሮ ክትባት የሚገዙ ሁለት ሰዎች እስኪወጡ በሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁ።

«ጸሎት፣ ውሻ ትመርጪልኛለሽ» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«ለሱቁ ነው እትዬ?»

«ለመኪናው።»

እትዬ ሠርኬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ኮረሪማ፣ ጥምዝና ጥቁር አዝሙድ ሸጠዋል። አንድ ጆንያ ኮረሪማ ሲመጣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይከቱና ከታች ያለውን አውጥተው ያሸታሉ። ጭስ ላይ የደረቀውን፣ ሳይደርቅ የታሰረውን፣ ካምናው ጋር የተቀላቀለውን ይለያሉ። ትልልቆቹ አከፋፋዮች እንኳ «ሠርኬ አሽትታዋለች?» ብለው ይጠይቃሉ። አምና ሱቁን ለልጃቸው ለብሥራት ለቀቁለትና አንድ አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ አስገዙ። የኋላ ወንበሮቹን አስነቅለው አልጋና የቡታጋዝ ማስቀመጫ አሠሩበት። መንጃ ፈቃድ ያወጡት በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ሐሳባቸው ከእንግዲህ ቤት ውስጥ ላለመኖር ነበር። ከጂማ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ሚዛን እያሉ፣ ኮረሪማውን ከሚያመርተው ሰው እጅ አሽትተው ሊገዙና በአይሱዙ ሊልኩ። «አሁን ደላላው ፎቶ ይልክልኛል። ፎቶ ደግሞ አይሸትም» ይሉ ነበር።

ብሥራት አልተስማማም። ሦስት ወር ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ፣ ሰው ሲያየው ወደኋላ የሚል ትልቅ ውሻ አብሯቸው ካለ ይሂዱ አለ። መኪናው የተገዛው በእሱ ስም ስለነበረ ቁልፉም እሱ ኪስ ውስጥ ነበር።

«ውሻውን አይቶ ካልወደደ ቁልፉን አይሰጠኝም» አሉኝ እትዬ። «አንቺ ደግሞ ይሄንን የተማርሽ ነሽ።»

የተማርኩት የእንስሳት ሳይንስ ነው። አራት ዓመቱ ያለቀው በላምና በዶሮ ነው። ስለ ውሻ የተማርነው ከእብድ ውሻ በሽታ እምብዛም አያልፍም። ይህን አልነገርኳቸውም። «እሺ» አልኩ።

መጀመሪያ አንዱን ያገኘው ብሥራት ነው። በኮልፌ በኩል የጥበቃ ውሻ የሚያራባ ሰው አለ ተባለና አንድ እሑድ ሦስታችንም ሄድን። ውሻው አንገቱ ከጭንቅላቱ የወፈረ ነው። ገና በሩን ስናንኳኳ ጀምሮ ሰንሰለቱን እየጎተተ ይጮህ ነበር። ቆመን ስንነጋገርም አላቆመም፤ ባለቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚያወራን።

«ሰው የሚባል አያስጠጋም!» አለ።

«ይሄ ነው!» አለ ብሥራት። ፊቱ በራ። «እማ፣ ይሄ ነው እንጂ!»

እትዬ ጆሯቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው፣ «ስንት ሰዓት ይጮሃል?» አሉ።

«እንግዳ ካየማ አያቆምም እናቴ። ቀኑን ሙሉ!» አለ ሰውዬው በኩራት።

በታክሲ ስንመለስ ብሥራት ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔና እትዬ ኋላ ነበርን። በቀስታ፣ «እትዬ፣ እርስዎ በሚሄዱበት ሁሉም ሰው እንግዳ ነው» አልኳቸው።

ጠጋ አሉኝ። «ታዲያ መቼ ሊተኛ ነው?»

«አይተኛም። እርስዎም አይተኙም።»

ብሥራት ዞር ብሎ፣ «ዶክተር፣ ምንድን ነው የምታንሾካሹኪው?» አለኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ያውቃል፤ ሊያበሽቀኝ ነው።

«ምንም» አልኩ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሱቃቸው ሄጄ ስለ ሌላ ዓይነት ውሻ ነገርኳቸው። ለተግባር ልምምድ ወደ ምሥራቅ በሄድንበት ዓመት ከአንድ የግመል ባለቤት ድንኳን ጥላ ሥር ተኝቶ ያየሁት ነው። ቆሞ ወገቤ ድረስ ይደርሳል። እግሩ ረጅም፣ ደረቱ ጥልቅ፣ ሆዱ ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ ፊቱ ቀጭን ነው። መጽሐፉ ሳሉኪ ይለዋል። የሚያድነው በማሽተት ሳይሆን በማየት ነው።

«እኔ ባፍንጫ፣ እሱ በዓይን» አሉና ሳቁ። «ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። ሲሮጥ የሚደርስበት የለም። ካልሮጠ ደግሞ እንደ ምንጣፍ ይተኛል፤ ከቀኑ አብዛኛውን ይተኛል። ጠጉሩ አጭር ስለሆነ መኪና ውስጥ አይሸትም። ቆላ ሙቀት ይችላል፤ ብርድ ግን አይወድም፣ ቦንጋ ላይ ልብስ ያስፈልገዋል። ሥጋ ስለሌለው ከሥሩ ፍራሽ ካልተነጠፈለት ክርኑ ይቆስላል። አንድ ሰው መርጦ ከእሱ ጋር ይኖራል፤ ቦታ ቢቀያየር ግድ የለውም። በቀን አንድ ጊዜ ግን መሮጥ አለበት፣ ያውም አጥር ባለው ግቢ። ሜዳ ላይ ገመዱ ከተፈታና ፍየል ካየ አለቀ። ቢጠሩት አይሰማም፤ በማግስቱ ሌላ ወረዳ ነው የሚገኘው።

«እሺ፣ ገመዱን አልፈታም። ሌላስ?»

«ሌላው… ጠባቂ አይደለም እትዬ። ሰው አይነክስም። አይጮህም ማለት ይቻላል።»

ከፊታቸው ከነበረው ጥምዝ ጥቂት አንስተው በጣቶቻቸው መሃል አሹት።

«ቁመቱ እስከ ወገብ ነው አልሽ?»

«አዎ።»

«ይበቃል። ይሄንን የመጨረሻውን ለብሥራት አትንገሪው።»

አልነገርኩትም።

ጠሀ ሶማሌ ተራ ምንጣፍና የፍራሽ ጨርቅ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። አይሱዙዎቹ ጅግጅጋ ይመላለሳሉ። የረመዳን ቅመሙን ለብዙ ዓመት ከእትዬ ሠርኬ ነው የሚገዛው። ሊያናግሩት ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ።

«እትዬ፣ ሰው ከጅግጅጋ ጨርቅ ያስመጣል፤ እርስዎ ውሻ?» አላቸው። «እዚህ መርካቶ ያለው አንሷል? አንድ ሃያ ልላክልዎት?»

«የመርካቶውማ ከኔ በላይ ነጋዴ ነው፣ መርካቶን ትቶ የት ይሄዳል? ይልቅ ይቺ ልጅ የምትልህን ስማ።»

ጠሀ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሰማኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለት ውሾች ማግኘቱን ነገረን። ያሉት የዘመዱ ጎረቤት የሆነ ግመል አርቢ ዘንድ ነው። አንደኛው የሁለት ዓመት ነው፤ ፈጣን፣ በአካባቢው የታወቀ። ሁለተኛው የአራት ዓመት ነው፤ ከእናቱም ካባቱም ገዝፎ ለጥንቸል አደን የማይሆን።

በስልክ ነው የመረጥነው። የሚደረገውን እኔ እነግረዋለሁ፣ ጠሀ ይደውልና ያስደርጋል፣ ቪዲዮው በቴሌግራም ይመጣል። መጀመሪያ የጭነት መኪና አጠገባቸው እንዲነሣ አደረግን። ትንሹ ገመዱን በጥሶ ከቪዲዮው ወጣ፤ የሚታየው አቧራው ብቻ ነው። ትልቁ ብድግ አለ፣ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ተመልሶ ተኛ። ትንሹ ተይዞ ከመጣ በኋላ ከጀርባቸው ድስት እንዲጣል አደረግን፤ ትልቁ ጆሮውን ብቻ አዞረ። ከዚያ የመኪና በር ተከፈተላቸው። ትልቁ እግሮቹን አንድ በአንድ አንስቶ ገባና ወንበሩ ላይ ተጠቀለለ። ሲያስወጡት ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ የማያውቃቸው ሴቶች እንዲዳስሱት ጠየቅሁ፤ ጆሮውን ሲነኩት ዓይኑን ጨፈነ።

«እህቴ፣ ይሄኛው እኮ ሰነፍ ነው» አለኝ ጠሀ። «ሰዎቹም እየሳቁ ነው። ጀግናውን ትታ ሰነፉን መረጠች እያሉ ነው።»

«የምንፈልገው እሱን ነው» አልኩ።

ክትባቱን እዚያው አስከተብነው። በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ፣ በምንጣፍ ጥቅሎች መሃል ተኝቶ መርካቶ ገባ።

በርበሬ በረንዳ ሲደርስ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ማስነጠስ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ አስነጠሰ። በረንዳው በሙሉ ቆጠረለት፣ በየአንዳንዱም «ይማርህ!» አሉት። ከዚያ ተሰበሰቡ። ፊት ለፊት ዛላ በርበሬ የሚሸጠው ጋሽ ጎበዜ ውሻውን ባየ ጊዜ ያደረገውን ልጽፍ እፈልጋለሁ፣ የኋላው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። እጁን ዘርግቶ የውሻውን ጀርባ ዳሰሰ። ሽንጡን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያዘ አደረገ። ፋሲካ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ያን ሰሞን የሁሉም ሰው እጅ በግ የለመደ ነበር።

«ባዶ ነው!» አለ። «ሠርኬ፣ አጥንት ነው የሸጡልሽ።»

ሌሎቹም በየተራ ዳሰሱ። «ላቱ የት አለ?» «ጣውላ ነው እንዴ?» «ከጅግጅጋ በእግሩ ነው የመጣው!» ውሻው ቆሞ አስዳሰሰ።

እትዬ ለጠሀ የውሻውን ዋጋ ጠየቁት። ጠሀ ሁለት እጁን አንስቶ ወደኋላ አለ።

«ለውሻ ዋጋማ አይወሰድም እትዬ፣ እኛ ዘንድ አይሆንም። ሰውዬውም ላዳኝ ሰው እንደሰጠ ነው የቆጠረው። የመጣውም በኔ ምንጣፍ መኪና ነው።» ውሻው ሊያሸተው ሲጠጋ ኮቱን ሰበሰበ። «አንተ፣ ምራቅህን ብቻ። ሰላት ደርሷል።»

እትዬ ለሚስቱ ለረሂማ የሚሆን ከጥሩው ኮረሪማ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት። እሱን ተቀበለ።

ብሥራት ከባንክ ሲመለስ ውሻውን ዙሪያውን ዞሮ አየው። ቁመቱን ሲያይ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ፤ እስከዚያ ጥሩ ነበር።

«ስሙ ማነው?»

«አልቀርም» አሉ እትዬ።

በረንዳው በሳቅ አውካካ። ድሮ ሰው ለጎረቤቱ በአፉ ሊለው ያልቻለውን በውሻው ስም ይጠራ ነበር፤ ይህን የማያውቅ በዚያ አልነበረም። ብሥራት ብቻ አልሳቀም።

«ይሄ ነው ሰው ሊያስፈራ?» አለ። «ይሄን ያየ ሌባ አዝኖ ዳቦ ነው የሚጥልለት። ሥጋ ያውጣ መጀመሪያ። በወሩ አየዋለሁ፤ ከወደድኩት ቁልፉን እሰጣለሁ።»

«ጎድኑ መታየት አለበት» አልኩ። «ጤነኛ ነው። እንዲህ ነው የሚሆነው።»

በዚያው ቅጽበት ሁለት ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ በመካከላችን አለፉ። ሲያልፉ ወሬው ተቀይሮ ነበር። መድገም እችል ነበር፤ አልደገምኩም።

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጋሽ ይሄይስ ለክትባት ዘመቻ ወደ ክፍለ ሀገር ላከኝ። ብሥራት የቀጠራት ወር ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀራት ተመለስኩ። በዚያ ወር የሆነውን ኋላ ነው የሰበሰብኩት። የፋሲካ በግ አጥንት ከየቤቱ በፌስታል መጣ። ዶሮም፣ ጮማም፣ የተረፈ ቅቤም። ጋሽ ጎበዜ በጉን ያደለበበት ፋጉሎ ተርፎት ነበርና ከገብስ ጋር እየቀቀለ ጠዋት ጠዋት አመጣ። እትዬ ደግሞ እኔ ስላልነበርኩ ራሳቸው መድኃኒት ቤታችን ሄደው ጋሽ ይሄይስን «ለሥጋ ማውጫ» ጠየቁት። ለማን እንደሆነ አልጠየቀም። የበሬ ማደለቢያ ቫይታሚን ሰጣቸው።

ስደርስ አልቀርም ጆንያ ላይ ተኝቶ ነበር። የትኛው ጆንያ የትኛው ውሻ እንደሆነ ለመለየት መቅረብ ነበረብኝ። ጎድኑ ጠፍቷል። ወገቡ ሞልቷል። አንገቱ ላይ መታጠፊያ አውጥቷል።

«ዳስሺውማ!» አለኝ ጋሽ ጎበዜ ከማዶ። «ሽንጡን ዳስሺው! አሁን ውሻ ሆነ አይደል?»

«ይሮጣል?» አልኩ።

«ምን አጥቶ ይሮጣል?» አሉ እትዬ። ደስ ብሏቸዋል። ለሠላሳ ዓመት ያወቋቸው ሰዎች ሁሉ ለመንገዳቸው የሚሆነውን ውሻ አብረዋቸው ቀልበዋል፤ ይህን ሲያስቡ ድምፃቸው ይለወጣል። የማስበውን ለነገ አሳደርኩት። ብሥራት ውሻውን ሊያይ የቀጠረው ደግሞ ለማግስቱ ነበር።

ብሥራት የወሰደን የጓደኛው ባዶ መጋዘን ግቢ ነው። ግንቡ ረጅም ነው፣ በሩ ይዘጋል። ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። እትዬ ገመዱን ፈቱለት። አልቀርም ግቢውን አየ፣ ጆሮው ተነሣ፣ ከዚያም ሮጠ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ዝላዮች ልክ ድንኳኑ አጠገብ እንዳየሁት ነበሩ፤ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የተነሡበት ጊዜ ነበር። ብሥራት «ኧረ!» አለ። ከዚያ ውሻው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ አነከሰ፣ የፊት ቀኝ እግሩን አንስቶ ቆመ። ምላሱ እስከ ደረቱ ወርዶ ያለከልካል። ተቀመጠ።

ሮጠን ደረስን። እግሩን ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት። ስብራት የለም፤ የእጅ አንጓው መጋጠሚያ ትንሽ ሞቋል።

«በሽተኛ ነው» አለ ብሥራት። ቁልፉን እጁ ላይ ይዞት ነበር፤ መልሶ ኪሱ ከተተው። «እማ፣ አለቀ። ወይ የኮልፌውን እንገዛለን ወይ አትሄጂም። በሽተኛ ውሻ አስይዤ አልልክሽም።»

እትዬ ውሻው አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው ነበር። የውሻውን እግር በነጠላቸው ጠቀለሉት።

«በሽተኛ አይደለም» አልኩ። «አደለብነው።»

«ምን?»

«አደለብነው። እንደ በግ። መጀመሪያ ሲመጣ ሃያ ስምንት ኪሎ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አራት ሳይሆን አይቀርም። እግሩ ይሄን ተሸክሞ ሊሮጥ አልተሠራም። ጎድኑ መታየት ነበረበት። የመጣ ዕለት ተናግሬያለሁ፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በቀስታ። ስለዚህ የኔ ጥፋት ነው። ቢከሳ ይድናል።»

ብሥራት አየኝ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ስናገር ሰምቶኝ አያውቅም።

«እሺ ከሳ እንበል» አለ። «ዳነ። እማ መኪና ውስጥ ተኝታ ሌባ መስኮቱን ቢነካ ምን ያደርጋል?»

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ምን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። አዎ ይይዘዋል ብል ቁልፉ ይወጣ ነበር፤ ውሻው ሲድን እነሱ ይሄዱ ነበር፣ ብሥራትም ቤቱ ተኝቶ የሌለ ነገር ያምን ነበር።

«ተነሥቶ ያያል» አልኩ። «ከዚያ ይተኛል።»

«አይነክስም?»

«አይነክስም።»

«አይጮህም?»

«በዓመት ሁለቴ ይጮህ ይሆናል።»

«ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አትንገሪው ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ። «ልጅቷን ተዋት።»

ብሥራት ግንቡ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። «እኔ እኮ እያፌዝኩ አይደለም» አለ። «እኔ እንቅልፍ የለኝም። አንቺ ጫካ መሃል መኪና አቁመሽ ተኝተሽ እኔ እዚህ በርበሬ ስመዝን… ምን ዓይነት ሰው አደረጋችሁኝ?»

«የኮልፌውም አያስተኛህም» አልኩት። ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም ከበደኝ። «እሱ በየገበያው ያገኘውን ሁሉ ይጮህበታል። አንድ ልጅ ቢነክስ እትዬን ማን ከከተማው ያስወጣቸዋል? ለአንድ ግቢ ነው የሚሆነው። እሳቸው ደግሞ ግቢ የላቸውም።»

«የላትም! እኔ ያልኩት ይሄንኑ አይደል? የት ነው የምታድረው?»

«የት እንደማድርማ አሁን ገና ጠየቅከኝ» አሉ እትዬ።

ቦርሳቸውን ከፍተው በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ወልቂጤ የሚያድሩት የወፍጮ ቤቱ ሐጂ ግቢ። ጂማ የቡና መጋዘን፣ ዘበኛው በስሙ ተጽፏል። ቦንጋ የማሙሸት ቤት፣ ከመኪናው ትይዩ ክፍል ሁለት ሴት ልጆቹ ይተኛሉ። እስከ ሚዛን አሥራ አንድ ግቢ ነበር። ሁሉም አጥርና በር ያለው፣ ሁሉም ኮረሪማ ሲልኩላቸው የኖሩ ደንበኞቻቸው። ስልክ ቁጥራቸው ከጎን አለ።

ብሥራት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከአሥራ አንዱ ሰባቱን ያውቃቸዋል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ። አንተ የጠየቅከው ውሻ ነው።»

እሱም ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ፣ በውሻው ማዶ። ስልኩን አውጥቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደወለ። «ሐጂ፣ ብሥራት ነኝ የሠርኬ ልጅ…» አጥሩ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ፣ ዘበኛው ይጠጣ እንደሆነ ጠየቀ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱን ሰረዘ። እትዬ በአንዱ ተከራከሩ፣ በሌላው ተዉለት። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። አልቀርም ጭንቅላቱን በብሥራት ጫማ ላይ ጣል አድርጎ ተኝቶ ነበር፤ ብሥራት እግሩን አላነሣም።

ሲጨርስ፣ «ከነዚህ ውጪ አታድሪም። ሳይጨልም ትገቢያለሽ። ውሻው ደግሞ ሠላሳ ሳይገባ አትነሺም፤ እኔ ራሴ እመዝነዋለሁ» አለ።

«ሰው የማይነክሰውን ውሻ ነው የምትመዝነው?» አልኩ።

«ብቻዋን ከምትሆን ይሻላል» አለ፣ እኔን ሳያይ።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ቅዳሜ ውሻውን በጆንያ ሚዛን መዘንነው። ሚዛኑ ላይ መቆም ስለማይወድ ብሥራት አቅፎት ይወጣና የራሱን ይቀንሳል። ምግቡን እኔ ለክቼ በቁጥር አዘጋጀሁ። ጠዋት ገበያው ሳይሞላ እትዬ በገመድ ይዘውት እስከ ተክለ ሃይማኖት ይመላለሳሉ፤ ቫይታሚኑን ለጋሽ ይሄይስ መለስኩለት። በካርቶን ላይ «ምንም አታብሉት» ብዬ በትልቁ ጽፌ ከሱቁ በር ላይ ሰቀልኩ።

«የሰኔ ጾም ሳይገባ ዶክተር ጾም አስገባችው!» አለ ጋሽ ጎበዜ።

በሁለተኛው ሳምንት ሚዛኑ አልወርድ አለ። ምክንያቱን ሰኞ ደረስኩበት፤ ጋሽ ጎበዜ አጥንት በጋዜጣ ጠቅልሎ ከዛላው ሥር ያስቀምጥለት ነበር። ሰው በተሰበሰበበት መንገዱን ተሻገርኩ።

«ጋሽ ጎበዜ፣ ይስጡኝ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ።

«ልጄ፣ ዓይኑን እኮ አላየሽውም። እንደ ሰው ነው የሚያየው!»

«እትዬ ሳይሄዱ ክረምቱ ቢያልፍ በእርስዎ ነው። ይስጡኝ።»

ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አጥንት ይዞ ሲመጣ የሚያባርረው እሱ ሆነ፤ ያውም እኔ ከምናገረው በሚበልጥ ድምፅ።

ሠላሳ ሦስት ሆነ፣ ሠላሳ ሁለት ሆነ። አንድ ቅዳሜ ምንም ሳይቀንስ ቀረና እትዬ ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። ዝናቡ ጀምሯል። ሰኔ ሊያልቅ ሲል መጋዘኑ ግቢ ወስደን ፈታነው። ሦስት ጊዜ ዞረ። ሦስተኛውን ሲዞር ከእትዬ አጠገብ ቆመና ነጠላቸውን አሸተተ። እግሩን ዳሰስኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ጎድኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ፣ ሁሉም ነበሩ። በማግስቱ ሚዛኑ ሠላሳ ኪሎ ተኩል አለ። ብሥራት ቁልቁል አየውና፣ «ግማሿ አቧራ ናት» አለ። ቁልፉን አወጣ።

የተነሡት ሐምሌ ሁለት ቀን ጠዋት ነው። ብሥራት እስከ ጂማ አብሮ ሄዶ የግቢዎቹን ባለቤቶች በዓይኑ አይቶ በአውቶቡስ ሊመለስ ወሰነ፤ ሱቁን ለአንድ ሳምንት ጋሽ ጎበዜ ሊያይለት ተስማማ። ጠሀም መጥቶ ነበር፤ ለውሻው ፍራሽ ከሱቁ ወፍራም ጨርቅ ቆርጦ አምጥቷል። ውሻውን ላለመንካት በመስኮት ወረወረላቸው።

እትዬ ከመሪው ኋላ ተቀመጡ። አልቀርም የጋቢናው ወንበር ላይ ተጠቅልሎ ነበር። ብሥራት በሩን ከፍቶ፣ «ና ውረድ፣ ወደ ኋላ» አለው። ውሻው አንድ ዓይኑን ከፍቶ አየውና መልሶ ጨፈነ። ብሥራት ከደረቱ በታች እጁን አስገብቶ ሊያነሣው ሞከረ። አልቀርም አልተቆጣም፣ አልታገለም፤ ሰውነቱን ብቻ ለቀቀው፣ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከበደ።

«እማ፣ አስወርጂው እንጂ!»

«ተኝቷል እኮ» አሉ እትዬ። ሞተሩን አስነሡ።

ጋሽ ጎበዜ ከበረንዳው «ብሥራት፣ ጠባቂህን አትቀስቅስ!» ብሎ ጮኸ። ብሥራት በሩን ዘጋ፣ ዞሮ የኋላውን ከፈተ፣ አልጋው ላይ ጉልበቱን ታቅፎ ተቀመጠ። እኔ በሩን ሳብኩለት።

«እዚያ ቀበቶ የለም» አሉት እትዬ በመስተዋቱ እያዩት። «የአልጋውን ብረት አጥብቀህ ያዝ።»

ከፊታቸው የነበረው ጋሪ ፈቀቅ እስኪል ጠበቁና ነዱ።